እጅ ያልነካው ናሙናና እጅ የጨረሰው ብር፦ የነገሥታት ምስል ያለባቸውን ሳንቲሞች በደቡብ ወሎ ስለ መሰብሰብ

አንድ መንግሥት አዲስ ሳንቲም ከማውጣቱ በፊት ማተሚያ ቤቱ ጥቂት ፍሬዎችን ለእይታ ያዘጋጃል። ምስሉ ይመረመራል፣ ጽሑፉ ይነበባል፣ ክብደቱ ይመዘናል፤ ሥራው በብዛት የሚቀጥለው ፈቃጁ አካል ሲስማማ ነው። እነዚህ የናሙና ሳንቲሞች ለገበያ ስላልተሠሩ ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ በዓለም አቀፍ ጨረታም ከመደበኛዎቹ ይልቅ ይፈለጋሉ። የአገር በቀል ነገሥታትን ምስል የያዙት፣ ከእነዚህም መካከል በፓሪስ የተዘጋጁት የዳግማዊ ምኒልክ ናሙናዎች፣ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚሿቸው ናቸው።

የቅርስና የታሪክ ጥናት በሚሰጥባቸው ተቋሞቻችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ብርቅዬ ሳንቲሞች ተገዝተው ወይም በስጦታ ተገኝተው ወደ አገር ቢገቡ መልካም ነው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ሐሳቡ በቅንነት የሚነሣ ነው። ሆኖም በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኝ የምርምር ማኅበረሰብ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ሊሆን አይገባም የሚል እምነት አለኝ። ናሙናውን በምስልና በሰነድ ማወቅ ይበቃናል፤ ገንዘባችንና ጉልበታችን ሊውል የሚገባው በወሎ ቤተሰቦች እጅ፣ በየአንጥረኛው ሱቅና በባቲ ገበያ ያሉትን ያረጁ ብሮች ከመቅለጣቸውና ከመሸጣቸው በፊት በመመዝገብ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ቅደም ተከተል ምክንያት ማስረዳት ነው።

ናሙና የሚነግረን

የናሙና ሳንቲም ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ብሔራዊ ገንዘብ እንዲኖር ባወጁ ጊዜ የአገሪቱን ገበያ የሚመሩት በዋናነት አሞሌ ጨውና እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የኦስትሪያዋ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበሩ። አዲሱ ገንዘብ የታተመው በፓሪስ ሲሆን ምስሉን የቀረጸው የዚያው ማተሚያ ቤት ዋና ቀራጭ ዣን ላግራንዥ ነው። በአንደኛው ገጽ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይታያሉ፤ በሌላው ገጽ አንበሳ ቆሟል። ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ ፲፰፻፹፯ ተብሎ ተጽፏል። ከአንዱ ብር በታች አላድ፣ ሩብና ተሙን ተከትለዋል።

የብሩን አካል ስንመረምር አንድ ትልቅ ውሳኔ እናገኛለን። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የማሪያ ቴሬዛው 28.0668 ግራም ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ሁለቱ እንዲህ የተቀራረቡት አዲሱ ገንዘብ ሕዝቡ ከለመደው ጎን ቆሞ እንዲመነዘር ታስቦ ነው። ስለዚህ አካሉ የቀድሞው፣ ገጹ ግን አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ንጉሡ የትኛውን ዘውድ ደፍተው ይታዩ? ጽሑፉ በምን ቋንቋ ይሁን? አንበሳው እንዴት ይቁም? የሚሉት ጥያቄዎች ተነሥተው የሚቋጩት በናሙናው ደረጃ ነው። በቀደሙት ዕትሞች የአንበሳው ግራ የፊት እግር ተነሥቶ መታየቱ፣ በኋለኞቹ ደግሞ ቀኙ መነሣቱ ራሱ ምስሉ በየጊዜው ይታይና ይታረም እንደነበረ ያመለክታል።

በዚህ ረገድ ናሙናው የአንድን መንግሥት ራስን የማሳየት ፍላጎት ለማጥናት ጥሩ ምንጭ ነው። አገራችን በዚህ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አላት። ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ማለትም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ፣ የአክሱም ነገሥታት ምስላቸውን በስንዴ ዘለላዎች መካከል አስቀርጸው በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም አውጥተዋል። በዒዛና ዘመን የጨረቃው ምልክት በመስቀል መተካቱ የመንግሥት ሃይማኖት መለወጡን ከሚያረጋግጡ ቁሳዊ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ሳንቲም የቤተ መንግሥት ንግግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ናሙና የማይነግረን

ንግግር ግን ሰሚ ይፈልጋል። ናሙናው የሚያቆየን በቤተ መንግሥቱና በፓሪሱ ማተሚያ ቤት መካከል የተደረገውን ምክክር ብቻ ነው፤ ከገበያው በር ላይ ይቆማል። የምኒልክ ብር ታሪክ አስተማሪ የሚሆነው ደግሞ ከዚያ በር ወዲያ ባለው ክፍሉ ነው። አዋጅና የንጉሥ ምስል ቢኖረውም፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ያለው ነጋዴና ገበሬ ለብዙ ዘመን የማሪያ ቴሬዛን ብር መምረጡን አልተወም። በእቴጌይቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥር፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ፈርጥ ይመለከት፣ የተፋቀውን ይመልስ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የራሳቸው ምስል ያለባቸውን የመዳብና የኒኬል ሳንቲሞች ካወጡ በኋላም ጠገራው ከገበያ አልጠፋም። ሕጋዊ ገንዘብነቱ በአዲሱ ብር የተተካው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በቤተ መንግሥት ግቢ አይደለም፤ እንደ ባቲ ባሉ ገበያዎች ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በሰኞ ገበያዋ የደጋው አማራና ኦሮሞ ከቆላው አፋር ጋር ሲገበያይ ኖሯል። ጠገራ ብር በዚህ መስመር ከገንዘብነት በላይ አገልግሏል፦ ተበስቶ በአንገት ታስሯል፤ ጆሮ ተበይዶለት በድሪ መካከል ገብቷል፤ ቀልጦ አምባርና አልቦ ሆኗል። ታዲያ አንድ የፓሪስ ናሙና ፊቱ እንደ መስታወት እያበራ በስብስብ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ስለዚህ ሕይወት አንድም ቃል አይተነፍስም። በአንዲት የወሎ ሴት አንገት ላይ ሦስት ትውልድ የኖረ ጠገራ ግን ብዙ ይናገራል።

የሌለው ምስል

ሁለተኛው ምክንያት ከወሎ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የሳንቲም ስብስብ በነገሥታት ምስል ተራ ከተደረደረ የሚከተለው ሥርዓት የማዕከሉ ሥርዓት ነው። የንጉሥ ሚካኤልና የልጅ ኢያሱ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ ዘውድ ደፍተዋል፤ በስማቸው የወጣ ሳንቲም ግን የለም። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከአያታቸው ከምኒልክ በኋላ እስከ መስከረም 1909 ዓ.ም. አገሪቱን ሲመሩ ዘውድ አልጫኑም፤ በእጅ የሚዞረው ሳንቲምም የምኒልክን ምስል እንደያዘ ቀጠለ። በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ፤ የወሎ ቤት ምስልም ወደ ሳንቲሙ ገጽ ሳይደርስ ቀረ።

ክፍተቱ በዚያው ዘመን አልተወሰነም። በ1964 ዓ.ም. ለሰብሳቢዎች ተብለው የወጡት የብር ሳንቲሞች ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ዐፄ ዮሐንስን፣ ዐፄ ምኒልክን፣ ንግሥት ዘውዲቱንና ዐፄ ኃይለ ሥላሴን በየተራ ያሳያሉ። ልጅ ኢያሱ በመካከሉ የሉም። እነዚህም እንደ ናሙናዎቹ ለገበያ ልውውጥ የታሰቡ አልነበሩም፤ መንግሥት የነገሥታቱን ዝርዝር በብር የጻፈባቸው ሰነዶች ናቸው። ስለዚህ ደሴ ላይ ተቀምጠን ብርቅዬ የነገሥታት ሳንቲሞችን ብቻ ብንሰበስብ፣ ማዕከሉ የጻፈውን ዝርዝር ደግመን እንገለብጣለን፤ የራሳችን ምድር ታሪክ በሣጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል።

ባዶ ቦታ ደግሞ በሰብሳቢዎች ዓለም አደጋ አለው። የእንግሊዙ ኤድዋርድ ስምንተኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ዘውድ ሳይጭን ዙፋኑን ሲለቅ የተዘጋጁለት ናሙናዎች በጣም ጥቂት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የግል አምራቾች ይህንን ጉድለት ለመሙላት በስሙ በርካታ የፈጠራ ሳንቲሞችን ሠርተው ሸጡ። ያልተጠነቀቀ ገዥ እነዚህን የታሪክ ማስረጃ አድርጎ ሊቀበል ይችላል። ዘውድ ያልጫኑ መሪዎች ያሉት የእኛ ታሪክም ለዚህ ዓይነት ፈጠራ የተመቸ ነው። ተመራማሪ ከዚህ የሚጠበቀው የምስሉን አለመኖር ራሱን እንደ ማስረጃ በማንበብ ነው። የወሎ ገዥዎች ሥልጣናቸውን በምን እንዳሳዩ ለማወቅ ወደ ማኅተሞቻቸው፣ ወደ ደብዳቤዎቻቸውና ደሴ ላይ ወዳለው የአይጠየፍ አዳራሽ መሄድ ይገባል፤ በሳንቲም ፍለጋ አይገኝም።

እጅ የጨረሰው ብር የሚነግረን

«የ1780ው ብር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ምን ይጠናበታል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ዓመቱ አንድ ይሁን እንጂ ብሩ አንድ አይደለም። በቪየና ብቻ ሳይወሰን በሚላን፣ በቬኒስና በፕራግ ታትሟል። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀችበት በእ.ኤ.አ. 1935 የማተሚያ ቅርጹን ከቪየና አግኝታ በሮም አሳተመችው፤ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ተከተሉ። እነዚህ ዕትሞች በፈርጡ ቅርጽ፣ በራስ ጌጡ ነጠብጣቦች፣ በንስሩ ክንፍና ጅራት ላባዎች፣ በጠርዙ ጌጥና በፊደላቱ አቀማመጥ ይለያያሉ፤ የሳንቲም ጥናት ባለሙያዎችም መለያዎቹን በዝርዝር አቅርበዋቸዋል።

ከዚህ በመነሣት ሊመረመሩ የሚችሉ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። በደቡብ ወሎ ቤቶች የሚገኙት ጠገራዎች በአብዛኛው የየትኛው ማተሚያ ቤት ናቸው? ሮም የታተመው ብር በደሴ መንገድ ዳርና ከመንገድ በራቁ ወረዳዎች በእኩል ይገኛልን? የምኒልክ ብር ከማሪያ ቴሬዛው ጋር በአንድ ድሪ ላይ ይሰካልን ወይስ ተለይቶ ይቀመጣል? ቀዳዳው ከምስሉ ራስ በላይ ነው ወይስ በንስሩ በኩል፤ ማለትም ሲታሰር ወደ ውጭ እንዲታይ የተፈለገው የቱ ገጽ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሕዝብ ለአንድ ገዥ ምስል የሰጠውን ቦታ ለመረዳት ግን ከብዙ የቤተ መንግሥት ሰነድ የማይተናነስ መልስ ይሰጣል።

ይህ ማስረጃ በየቀኑ እየጠፋ ነው። ጠገራው ወደ አንጥረኛ ሲሄድ በክብደቱ ተመዝኖ ይቀልጣል። ለጎብኚ ሲሸጥ ከማን ቤት እንደወጣና በምን አጋጣሚ እንደተወረሰ የሚናገረው ቃል ከሻጩ ጋር ይቀራል። ያለ መገኛው የቀረ ጠገራ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት መሰሎቹ አንዱ ብቻ ይሆናል፤ ልዩ የሚያደርገው ታሪኩ ነበርና።

ሳይወስዱ መሰብሰብ

መሰብሰብ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ዕቃውን ከባለቤቱ ወስዶ በተቋም ማስቀመጥ ነው። ያ መንገድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ለመሰሉ ተቋማት ትልቅ ስብስብ አስገኝቷል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉ አንድ ትምህርት ትቶልናል። ዕቃ አንድ ቦታ መከማቸቱ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ በምስል፣ በክብደትና በዝርዝር መግለጫ ያልተመዘገበ ቅርስ ከተዘረፈ በኋላ ይመለስ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ መለያ አይኖረውም። ስለዚህ ከመውሰድ በፊት መመዝገብ ይቀድማል። በብዙ ሁኔታም መመዝገቡ ብቻውን ይበቃል።

ሕጉም ለዚህ በቂ መሠረት አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊኖር እንደሚችል ያውቃል፤ ባለይዞታውን የመጠበቅ ኃላፊነት ይጥልበታል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። የጎደለው ይህን ወደ ሰው ቤት የሚያደርስ፣ ባለቤቱም የማይፈራው አሠራር ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ አመቺ አቋም አለው፤ በደሴ የታሪክና የቅርስ ተማሪዎች፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የምህንድስና ተማሪዎች አሉት። የሚያስፈልገው መሣሪያም ውድ አይደለም፦ እስከ መቶኛ ግራም የሚለካ ሚዛን፣ የመጠን መለኪያ፣ ካሜራና ውኃ የያዘ ብርጭቆ። ትክክለኛ ጠገራ በአየር ተመዝኖ 28 ግራም ከሆነ፣ በውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን ወደ 2.75 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ የብሩና የመዳቡ ድብልቅ ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10.2 ግራም አካባቢ ስለሆነ ነው። በተመሳሳይ መጠን ከናስ ወይም ከነሐስ የተሠራ ቅጂ 23 ወይም 24 ግራም ብቻ ይመዝናል። ይህ ምርመራ ብሩን ሳይፍቅ፣ ሳይቆርጥና አሲድ ሳይነካ የሚከናወን ነው። ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተበሳ ሲሆን ውጤቱ ከዚሁ አንጻር መታረም ይኖርበታል፤ ጥግግት የቪየናውን ከሮሙ እንደማይለይም መዘንጋት አይገባም፤ ለዚያ የምስሉ ዝርዝር ያስፈልጋል።

ከልኬቱ ጎን የባለቤቱ ቃል ይመዘገባል። ብሩ ለጥሎሽ የመጣ ነው ወይስ ለከብት ሽያጭ የተቀበሉት? የወረሰው ማን ነው? የቤተሰቡ አባላት ምን ብለው ይጠሩታል? ለአንድ ብር አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በአንድ የመስክ ወቅት መቶ ብሮችን በዚህ መንገድ ቢመዘግብ፣ ተከታዩ ተማሪ ሊያነጻጽርበት የሚችል መሠረት ይጣላል።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው መዝገቡ ለሌባ ካርታ ይሆናል የሚለው ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ከመዝገቡ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ለኅትመት የሚቀርበው ልኬቱ፣ ምስሉና የወረዳው ስም ብቻ ነው። ባለቤቱ በማንኛውም ጊዜ መዝገቡ እንዲሰረዝለት መጠየቅ መቻል ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ መዝጋቢው ዋጋ መገመትም መግዛትም ፈጽሞ የለበትም። ተመራማሪ አንድ ጊዜ ብር ከገዛ፣ በቀጣዩ ቤት የሚቀበሉት እንደ ነጋዴ ነው፤ የሚነገረውም ታሪክ ዋጋ ለማስጨመር የተዘጋጀ ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብርቅዬ ናሙናዎች በውጭ አገር ሰዎች እጅ ሲቀሩ ዝም ብለን ልናይ ነውን የሚል ነው። ስሜቱን እጋራለሁ። ነገር ግን የናሙና ሳንቲም ለጥናት የሚሰጠው አብዛኛው መረጃ በጥሩ ምስልና በትክክለኛ ልኬት ይገኛል፤ የጨረታ ቤቶች ካታሎግም ይህን በብዛት ያቀርባል። ዴኒስ ጊል ስለ ኢትዮጵያ ሳንቲሞች የጻፉት መጽሐፍና የሪቻርድ ፓንክረስት የገንዘብ ታሪክ ጥናቶች ለማንኛውም ጀማሪ መነሻ ይሆናሉ። ናሙናው በጥንቃቄ በተያዘበት ሣጥን ከሃያ ዓመት በኋላም ይገኛል። በአንጥረኛው ምድጃ ፊት ያለው ጠገራ ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላ አይገኝም። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

የግል ሰብሳቢዎችንም በጠላትነት ማየት አያስፈልግም። ብዙዎቹ ከተቋማት ቀድመው የሳንቲምን ዝርያ መለየት የተማሩ ናቸው፤ እውቀታቸው ለመዝገቡ ይጠቅማል። ከእነርሱ የሚጠየቀው የእያንዳንዱን ፍሬ መገኛ መጻፍ ነው። መገኛው የተጻፈለት ተራ ጠገራ፣ መገኛው ካልታወቀ ብርቅዬ ሳንቲም ይልቅ ለታሪክ እንደሚበልጥ የጋራ መግባባት ቢኖር የገበያው ጠባይም ቀስ በቀስ ይለወጣል።

ለማጠቃለል፣ የነገሥታት ምስል ያለባቸው የናሙና ሳንቲሞች መንግሥት ምን ሊል እንደፈለገ ያስረዳሉ፤ ሕዝቡ ምን እንደመለሰ ግን በእነርሱ ላይ አልተጻፈም። ያ መልስ በነጠብጣብ ቆጠራው፣ በቀዳዳው፣ በጆሮው ብየዳና በእጅ ብዛት በተፋቀው ገጽ ላይ ነው። መዝገቡን ለመጀመር ትልቅ በጀት ወይም አዲስ ሕንጻ መጠበቅ አያሻም፤ ሁለቱ ግቢዎች አንድ ቅጽና አንድ የምዝገባ ሥርዓት ተስማምተው በቀጣዩ የመስክ ወቅት ባቲና ደሴ ላይ ሊሠሩበት ይችላሉ። የትኛው ብር የማን ጥሎሽ እንደነበረ የሚያውቁት እናቶችና አያቶች ዛሬ አሉ። መዝገቡ የሚዘገይ ከሆነ ብሩ ቢገኝ እንኳ የሚያናግረው ሰው አይገኝም።